ባና የለበሰው ሣጥን

ከቆሰበር ወደ ጥርባ ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። ከጀርባው፣ ቀርከሃው ጥግ፣ የእናቶች ማቆያ የሚባል ባለ አንድ ክፍል ቤት አለ። ቤታቸው ከመኪና መንገድ የራቀ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ ወደዚያ መጥተው ምጥ እስኪይዛቸው ይቀመጣሉ። ሁለት ሳምንት የምትቆይ አለች፤ ወር የሚሞላትም አለች። የዚያን ቤት ክረምት ባሰብሁ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ጭጋጉ ነው። በበሩ ይገባል፣ አልጋዎቹን አንድ ባንድ ይጎበኛል፣ ተመልሶ ይወጣል። ሴቶቹ እሱን እያዩ ዝም ይላሉ። እዚያ ስቀመጥ ጧት ይሁን ከሰዓት በኋላ ይጠፋብኝ ነበር።

እኔ ሐኪምም አዋላጅም አይደለሁም። ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ፣ አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ተቀጥሬ፣ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ ወደ ተወለድሁበት ቆሰበር የተመለስሁ ሴት ነኝ። ቶሎ እቆጣለሁ፤ ይኸን ሁሉም ያውቃል። ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ ክፍል ተከራይቼ ስልክም ዲሽም እጠግን ነበር። ስልክ ሁሉም ሰው እጅ የገባበት፣ ኔትወርክ ግን ኮረብታ ካልወጡ የማይገኝበት ዘመን ነበር።

አንድ ቀን የአንድ ረድኤት ድርጅት ሰዎች መጥተው ሣጥን እንድሠራ ጠየቁኝ። የነገሩኝ ችግር ግልጽ ነበር። ሴቶቹ ማቆያው ውስጥ ይሰለቻሉ፤ ሲሰለቹ ቀናቸው ሳይደርስ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ምጡ እቤት ወይም መንገድ ላይ ይይዛቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሳይነግሩኝ ቀሩ፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስለ እርግዝናና ስለ መውለድ በአዊኛ የሚናገር ፊልም አሠርተዋል። የቀራቸው ፊልሙን የሚያሳይ፣ በሶላር የሚሠራ፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ልታንቀሳቅሰው የምትችል ሣጥን ነው። አንዱ ለዚህ ማቆያ፣ ሌላው ዳንግላ አካባቢ ላለ ጤና ጣቢያ። በአንድ ወር አስረክባለሁ አልሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእኔ ነበር።

እንዲህ ያለ ሣጥን ሲሠሩ ሁሉም ነገር ከሁሉም ነገር ጋር ይጣላል። ስክሪኑን ደመቅ ሲያደርጉት ባትሪው ያልቃል። ባትሪው ተለቅ ሲል ሣጥኑ ይከብዳል። ፊልሙን የሚያነበው ቺፕ ፈጣን ከሆነ ይግላል፤ ሙቀቱን ለመቀነስ ፍጥነቱን ዝቅ ካደረጉት ደግሞ ምስሉ ከድምፁ ወደ ኋላ ይቀራል። የመጀመሪያውን ሙከራ ወደ ማቆያው ይዤ ስሄድ ተዋናይቱ አፏ የሚከፈተው ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ነበር። አፍሬ ላጠፋው ስል ሴቶቹ ከለከሉኝ። አንዷ ከአልጋዋ ቀና ሳትል ሕልም ላይም እንዲህ ነው አለች። ወደ ክፍሌ ተመልሼ ቺፑን አፈጠንሁት፤ ድምፁና አፉ ተገናኙ። ሙቀቱም አብሮ መጣ።

ሙቀቱን ለማስወጣት የሣጥኑን ጎንና ጎን በመሰርሰሪያ ቀዳዳ በቀዳዳ አደረግሁት። በዚህ ኮርቼ ነበር።

ሌላም ነገር ወሰንሁ። ባትሪ በድንገት ሲያልቅ ቺፑ ሚሞሪ ካርዱ ላይ እየጻፈ ከተገኘ ካርዱ ይበላሻል። ስለዚህ ጭራሽ እንዳይጽፍ አደረግሁት፤ ያነባል እንጂ አይጽፍም። ይኸ ዋጋ ነበረው። የማይጽፍ ሣጥን የት እንዳቆመ አያስታውስም። ያለው አንድ ቁልፍ ነው፤ በተጫኑት ቁጥር ፊልሙን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ፊልሙ የአንዲት ሴትን እርግዝና የሚከተል ዘጠኝ ክፍል ነበር፤ ሲደመር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ቁጭ ብለው ያዩታል፣ ሴትዮዋ በዘጠነኛው ክፍል ትወልዳለች፣ ያበቃል። ማስታወስ ለምን ያስፈልጋል ብዬ ነበር።

የማቆያው አብሳይም ጠባቂም አንዲት እናት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እዚያው ጓዳ ውስጥ ይኖራሉ። ሣጥኑን ሳስረክባቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝና የት ቢቀመጥ እንደሚሻል ሦስት ቦታ ሞከሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮረብታው ላይ ወጥተው ደወሉልኝ። ሣጥኑ ፊልሙ መሐል ላይ ይጠፋል አሉ። በየቀኑ ይጀምራል፣ በየቀኑ ሳይጨርስ ይቆማል። ነገ አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ አልኋቸው።

በማግሥቱ አራት ሰዓት ላይ ደረስሁ። ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ተወልውሎ ቁጭ ብሏል። ቁልፉን ተጫንሁት፤ ጀመረ። ግማሹን ያህል አየሁት፤ ደህና ነው። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ይደውላሉ፣ የምመጣበትን እነግራቸዋለሁ፣ ስደርስ ሣጥኑ ጤነኛ ነው። እኔን ሲያይ የሚድን በሽተኛ ሆነብኝ። ወደ ክፍሌ ይዤው ሄጄ ቀኑን ሙሉ አስኬድሁት፤ አልቆመም። ቺፑን በሌላ ቀየርሁ፣ የብየዳውን ሊድ ሁሉ አቅልጬ እንደገና በየድሁ፣ ባትሪውን ሰደብሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ምንም ያላጠፋ ዕቃ ሁሉ በእኔ እጅ ተቀጣ።

በሦስተኛው ጊዜ የድርጅቱ ሰዎች አንድ ጊዜ ደግሞ ከቆመ ሁለቱንም ሣጥኖች ሰብስበው መጋዘን እንደሚያስገቡ ነገሩኝ። ይኸ አንገበገበኝ። ግን የበለጠ የከበደኝ ሌላ ነገር ነው።

በዚያ ሰሞን ማቆያው ውስጥ አንዲት መንታ ያረገዘች ሴት ነበረች። ቤቷ ከጥርባ ወዲያ፣ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቦታ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ እቤቷ ወልዳ ሁለቱም አልተረፉላትም። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ይህችን ሴት ከዚህ እንዳትነቃነቅ ብላ ደጋግማ ትናገር ነበር። ሴትዮዋ አማርኛ ጥቂት ትችላለች፤ እኔ ደግሞ አዊኛ እሰማለሁ፣ መልሱ ግን በአማርኛ ነው የሚወጣኝ። እሷ በአዊኛ፣ እኔ በአማርኛ እያወራን እንግባባ ነበር። ባሏ በየቅዳሜው ፈረስ ጭኖ ሊወስዳት ይመጣል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድንቹ ከመሬት ሊወጣ ደርሷል፣ ቤቱ ሰው የለውም፣ እናቱም መውለድ ድሮም ያለ ነው ይላሉ። እሷም በየቅዳሜው አንድ መልስ ትሰጠዋለች፤ የፊልሙን መጨረሻ ሳላይ አልሄድም። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ሁለት ሦስት ጊዜ በእጁ ያዞርና ፈረሱን ይዞ ይመለሳል። ይህን ያየሁ ቀን ሣጥኑ እሷን መጨረሻው ላይ ሳያደርስ በመቅረቱ አፈርሁ። በእኔ ሥራ ድክመት አንዲት እርጉዝ ሴት የተረት ጅራት ይዛ ቀረች አልሁ። አስተካክለዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት።

አንድ ሐሙስ ዝናቡ ኔትወርኩን ቆርጦት ዋለ። ደውዬ ልነግራቸው አልቻልሁም፤ ሳልናገር ሄድሁ። ከዋናው መንገድ ወርጄ በጭጋጉ ውስጥ ስራመድ የፊልሙ ድምፅ ከቤቱ በፊት ደረሰኝ። ድምፁ የታፈነ ነው፤ ሰው ከብርድ ልብስ ውስጥ የሚያወራ ይመስላል። በሩ ላይ ቆምሁ። ሴቶቹ ግማሾቹ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሁለቱ ፈትል ይዘዋል፣ እንዝርቷ ወለሉ ላይ ትዞራለች። መሐላቸው ሣጥኑ አለ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከጎን እስከ ጎን፣ በተጣጣፈ አሮጌ ባና ተጠቅልሏል። ከክረምቱ ብርድ ለመኝታ የሚለበስ ወፍራም የበግ ጠጉር ባና። ስክሪኑ ብቻ እንደታቀፈ ሕፃን ፊት ወጣ ብሏል። አንድም ሰው እኔን አላየኝም። በሩን ይዤ ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም፤ ስምንተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ፣ ስክሪኑ ጠቆረ። ሴቶቹ አልደነገጡም። መንታ ያረገዘችው ሴት እጇን ባናው ሥር ሰደደች፣ ሣጥኑን ነካ አደረገች፣ እጇን አወጣች። ዛሬም ግሏል አለች።

ያን ጊዜ ነው የተቆጣሁት። ሦስት ወር ያቃጠላችሁኝ በዚህ ነው ወይ አልሁ። ቀዳዳዎቹን ማን ድፈኑ አላችሁ? ሣጥን ብርድ ይመታዋል ወይ? አብሳይዋ ከጓዳ ወጡ፤ ባናውን ከማንሣታቸው በፊት ፊታቸው ቀላ። ያፈሩት ግን እኔ ባሰብሁት ነገር አልነበረም። ባናው የራሳቸው መኝታ ነው። እንግዳ ሲመጣ የተጣፈ ባና አይዘረጋም፤ ስለዚህ እመጣለሁ ባልሁ ቁጥር አስቀድመው ያነሡታል፣ ሣጥኑን ይወለውሉታል። እኔ ስደርስ ሣጥኑ ቀዝቅዟል፣ ስለዚህ ይሠራል። ሦስት ወር ሙሉ ጉዳዩን የደበቀብኝ አክብሮት ነበር።

ቁጣዬ ሲበርድ አብሳይዋ አጠገቤ ተቀመጡ።

“ልጄ፣ ዕቃ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም” አሉኝ። “ግን ና ብዬ ያልጠራሁት ጭጋግ በሠራሽው ቀዳዳ ይገባል። ጧት ጧት ስነካው ውስጡ ረጥቦ ያድራል። እኔ በዚህ አገር ስኖር የበሰበሰ እንጂ ሞቆት የሞተ ዕቃ አላየሁም።”

መልስ አላጣሁም፤ ብዙ መልስ ነበረኝ። ስለ ቺፕ ሙቀት፣ ስለ አየር ዝውውር ነገርኋቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ በትዕግሥት ሰሙኝ። አስተማሪ ይመስል ጣቴን እያወዛወዝሁ እንደነበር ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሣጥኑን ይዤ ወደ ክፍሌ ተመለስሁ፤ በማግሥቱ ዳንግላ ሄድሁ። የዚያኛው ሣጥን ከሳምንት በፊት ጭራሽ መነሣት እምቢ ብሏል ተብዬ ነበር። ዳንግላ ከቆሰበር ይልቅ ሞቅ ይላል፤ ያም ሆኖ ክረምቱ ያው ክረምት ነው። ሣጥኑ ግድግዳው ላይ በምስማር በተሰቀለ መደርደሪያ ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይሸፍነው፣ እኔ እንዳዘዝሁት ተቀምጧል። ፈታሁት። ሰርኪውቱ በቀዳዳዎቹ ትይዩ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። አንዲት ሸረሪትም ቤት ሠርታ ነበር። እውነቱ የአብሳይዋ ነበር። የቆሰበሩ ሣጥን እስከዚያ የቆየው ባናው ስለሸፈነው ነው፤ የቆመውም ባናው ስለሸፈነው ነው። እኔ ሣጥኑን የነደፍሁት ሰውም ጭጋግም ለሌለበት ጠረጴዛ ነበር።

ከዳንግላ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ የሚወርደውን ውኃ እያየሁ፣ ነገሩን ከሌላ በኩል ማሰብ ጀመርሁ። ባናውን አውልቁ ማለት አይቻልም፤ አይገባምም። ስለዚህ ባና ለብሶ የሚሠራ ሣጥን ይሠራ። ቀዳዳው ይደፈን። ሙቀቱ በጎን መውጣት ካልቻለ ወደ ታች ይውረድ። በነጋታው አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሄጄ የተቀደደ የአሉሚኒየም ድስት ቂጡን አስቆረጥሁና የሣጥኑ ወለል አደረግሁት፤ ቺፑን ከእሱ ጋር አጣበቅሁት። ሣጥኑ የሚቀመጠው እንጨት ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ላይ ይሆናል፤ ድንጋዩ ሙቀቱን ይጠጣዋል። ስክሪኑንም አየሁት። ከኃይሉ አብዛኛውን የሚበላው፣ ከሙቀቱም ብዙውን የሚያመጣው የስክሪኑ ብርሃን ነው። እኔ ክፍሌ ውስጥ መስኮት አጠገብ ስለምሠራ እስከ መጨረሻው አድምቄው ነበር። ማቆያው ውስጥ ግን ቀኑን ሙሉ ደብዛዛ ነው። ብርሃኑን በግማሽ ቀነስሁት። ከዚያ የራሴን ጋቢ አውጥቼ ሣጥኑን ሁለት እጥፍ አድርጌ ጠቀለልሁትና ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አየሁ። ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ ወለደች። ጋቢው ሥር እጄን ስከት ሣጥኑ ለብ እንኳ አላለም። ያን ቀን ብቻዬን ሳቅሁ፤ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰምተው ደህና ነሽ ወይ አሉኝ።

ወደ ማቆያው የወሰድሁት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። በስልክ የነገርኋቸውን ድንጋይ አብሳይዋ ከወንዝ አስመጥተው አጥበው ጠበቁኝ። ሣጥኑን አስቀምጬ፣ ባናውን ይዘው ይምጡ አልኋቸው። አንድ ጊዜ ዓይኔን አይተው ሄዱና አመጡት፤ የተጣፈውን በኩል ወደ ውስጥ አድርገው አለበሱት። ፊልሙ ተጀመረ። ውጭ ያካፋል፤ ሴቶቹ ተሰብስበው ተቀምጠዋል፤ እኔም በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሰውነቴ ሁሉ ላላ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። አንደኛው አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ውጭ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። ባልዬው ነው። በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ባርኔጣው ያንጠባጥባል።

ስድስተኛው አለፈ፣ ሰባተኛው ጀመረ። ያን ጊዜ መንታ ያረገዘችውን ሴት አየኋት፤ ከእሷ አልጋ ሥርም ጓዟን አየሁ። ነጠላዋና ዕቃዋ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። እንቅልፌ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ቃል የገባሁላት መጨረሻውን ላሳያት ነው። መጨረሻውን ካየች ደግሞ ለባሏ የምትመልስለት ነገር የላትም። አዋላጇ ጧት የነገረችኝ ገና አሥር ቀን ይቀራታል ብላ ነው። ሣጥኔ እስከዛሬ በትክክል የሠራው አንድ ሥራ ቢኖር መቆሙ ነበር።

ስምንተኛው ክፍል ጀመረ። ሙቀቱን የምለካ መስዬ ተነሣሁ፣ አጠገቡ ተንበረከክሁ፣ እጄን ባናው ሥር ሰደድሁ። ሦስት ወር ሙሉ እንዳይቆም የታገልሁለትን ሣጥን የባትሪውን ገመድ በሁለት ጣቴ ያዝሁና ነቀልሁት። ስክሪኑ ጠቆረ። ተበላሸ፣ ይቅርታ አልሁ። አብሳይዋ እጄ ከባናው ሥር ሲወጣ አይተዋል። መጥተው የባናውን ጠርዝ በድንጋዩ ዙሪያ ሸጎጥ ሸጎጥ አደረጉት።

ባልዬው ሚስቱን አያት። እሷ በአዊኛ ያንኑ መለሰችለት፤ መጨረሻውን አላየሁም። ባርኔጣውን አዙሮ አዙሮ አጠለቀና ፈረሱን ፈታ። እሱ ከሄደ በኋላ ሣጥኑን እጠግናለሁ ብዬ ወደ ጥግ ወሰድሁት፣ ሚሞሪ ካርዱን አውጥቼ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት፣ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍሁበት፤ ስምንተኛው ክፍል ሲያልቅ ራስህን አጥፋ የሚል። ሐሰተኛ ሆኜ በዝናብ ወደ ቆሰበር ተመለስሁ። ለድርጅቱ ሰዎች ይኸንን እንዴት እንደምነግራቸው እያሰብሁ መንገዱ አለቀ።

በስምንተኛው ቀን ጧት አብሳይዋ ኮረብታው ላይ ሆነው ደወሉ። ሁለት ሴት ልጆች፤ አንደኛዋ በእግሯ ስለመጣች አዋላጇ ብዙ ደክማ ነበር፤ ሦስቱም ደህና ናቸው። ስልኩን ይዤ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አለቀስሁ።

ልጠይቃት የሄድሁ ዕለት ፀሐይ ወጥታ ነበር። ልጆቹ ግራና ቀኝ ተኝተዋል። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ላሳይሽ መጥቻለሁ አልኋት፤ ከዚያም ሳልጠየቅ ተናዘዝሁ። ገመዱን የነቀልሁት እኔ እንደነበርሁ፣ የዋሸሁት እኔ እንደሆንሁ ነገርኋት። ሳቀች፤ ሳቁ ስላመማት ሆዷን ያዘች።

“አውቃለሁ” አለችኝ በአማርኛ። “ያን ዕለት አንቺ ባሌን ስታዪ እጄን ባናው ሥር ሰድጄ ነበር። ድሮ ሲቆም ይግላል። ያን ዕለት ቀዝቃዛ ነበር።”

ካወቀች ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት። ወደ አዊኛ ተመለሰች፤ ቀስ ብላ፣ እንድሰማት አድርጋ ተናገረች። ባሌን ፈርቻለሁ ብለው ምን ፈራሽ ይለኛል አለች። ፊልሙ አላለቀም ስለው ግን እሱም ይገባዋል፣ እናቱም ይገባቸዋል። ያን ቅዳሜ ጓዜን ያሰርሁት ሣጥኑ ተጠገነ ሲሉኝ ሰበቤ አለቀ ብዬ ነው። ከመጀመሪያውም እንዴት እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ ትወልዳለች፣ ሌላ ምን ታደርጋለች?

ላፕቶፔን ከፍቼ ያችን መስመር ላጠፋት ስል እጄን ያዘችኝ። ማዶ አልጋ ላይ ጧት ከባሏ ጋር የመጣች፣ ገና ጫማዋን ያላወለቀች ልጅ እግር ነፍሰ ጡር ተቀምጣ በሩን በሩን ታያለች። በአገጯ ወደ እሷ ጠቆመችኝና ተይው አለችኝ። ኮምፒዩተሩን ዘጋሁት።